«በዓሉ አለፈ፣ ቅዱሱ ተሸወደ»፦ የሲሲሊዎች ተረትና ትርጓሜው

ሰው ሲጨንቀው ለምኖ፣ ተለማምጦ፣ ጉዳዩ ካለቀለት በኋላ ዘወር ብሎ ካላየ ሲሲሊዎች «ፓሳታ ላ ፌስታ፣ ጋባቱ ሉ ሳንቱ» ይላሉ። በዓሉ አለፈ፣ ቅዱሱ ተሸወደ ማለት ነው። አባባሉ በመላው ኢጣሊያ ይታወቃል። ግን ቅዱሳን እንደ ቅርብ ጎረቤት በሚለመኑባት፣ በሚወደሱባትና በሚወቀሱባት በሲሲሊ ደሴት ላይ ሲነገር ለዛው ሌላ ነው።

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ውጭም ይባላል። መንገድ አሠራለሁ፣ ውኃ አስገባለሁ እያለ ቤት ለቤት የዞረ እጩ ከተመረጠ በኋላ ስልክ አላነሳ ሲል ይባልለታል። ብድር እስኪያገኝ ደጅ ሲጠና ከርሞ፣ ብሩን ከያዘ ወዲያ ድራሹ የጠፋ ወዳጅም አይቀርለትም።

አንዳንዶች ነገሩን በቀላሉ ይፈቱታል። በበዓሉ ቀን የቅዱሱ ሐውልት በአበባና በሙዚቃ ይወጣል፤ ማግስቱን ወደ ቦታው ይመለስና ሁሉም ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ቅዱሱ ተረሳ፣ በቃ። ያስኬዳል፤ እኔን ግን አያጠግበኝም። የተረቱ የድሮ መልክ ሌላ ነገር ይነግረናል። ፈረንሳዊው ደራሲ ፍራንሷ ራብሌ እ.ኤ.አ. በ1552 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ፣ መርከቡ በማዕበል ሲናጥ ለቅዱስ ኒኮላስ ጸሎት ቤት አሠራለሁ ብሎ የተሳለ አንድ ፈሪ አለ። ባሕሩ ጸጥ ሲል ስለቱን ቀልድ አደረገው። እዚያው ላይ «የሎምባርዶች ተረት» (የሰሜን ኢጣሊያ ሰዎች ማለት ነው) ተብሎ የተጠቀሰው እንዲህ ይላል፦ አደጋው አለፈ፣ ቅዱሱ ተሸወደ። በዓሉ ሳይሆን አደጋው! እንግዲህ የተረቱ ሥር ያልተከፈለ ስለት ነው።

ቁልቢ ገብርኤል ታኅሣሥ 19 ወይም ሐምሌ 19 ቀን ዣንጥላ ይዞ፣ «ስለቴ ሰምሯል» እያለ የሚገባውን ሕዝብ ላየ ሰው ስለት ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ሲሲሊዎችም እንዲሁ ናቸው። ካታንያ ከተማ በየዓመቱ ከፌብሩዋሪ 3 እስከ 5 የቅድስት አጋታን በዓል ታከብራለች። ምእመናኑ ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ ጥቁር ቆብ ደፍተው ይወጣሉ። ስለት ያለበት ሰው ትልቅ ሻማ ይሸከማል። ትልቅ ስል ለመብራት መጥፋት የምናስቀምጣትን እንዳታስቡ። ከተሸካሚው ቁመት የሚበልጥ፣ አንዳንዴም የራሱን ክብደት የሚያህል ሰም ነው። ትከሻው ላይ ጨርቅ ደርቦ፣ ወገቡን አጉብጦ፣ ጫፉ ላይ እሳቱ እየነደደ ይሄዳል። ሰሙ እየቀለጠ ልብሱም ላይ፣ አስፋልቱም ላይ ይንጠባጠባል። በማግስቱ መንገዱ ሙልጭልጭ ስለሚል የእንጨት ብናኝ ይነሰነስበታል፤ ሞተር ሳይክል ነጂዎችም እየተሳቀቁ ያልፋሉ። ያንን ሸክም ተሸክሞ ያደረ ሰው ቅዱሷን ሸውዷል የሚል የለም። ተረቱ የሚያሾፈው ልጁ ታሞ ሳለ ሻማውን ተስሎ፣ ልጁ ሲድን ዋጋው ተወደደ በሚለው ላይ ነው።

ነገሩ ውል ነው ማለት ይቻላል። ውል ደግሞ ሁለቱንም ወገን ያስራል። እ.ኤ.አ. በ1893 ሲሲሊን ድርቅ መታት፤ ለወራት ዝናብ ጠፋ። ጸሎቱ፣ ዑደቱ ሁሉ አልሠራ ሲል ሕዝቡ በቅዱሳኑ ላይ ፊቱን አዞረ። ፓሌርሞ ውስጥ የቅዱስ ዮሴፍን ሐውልት አትክልት ቦታ አውጥተው፣ ዝናብ እስኪዘንብ እዚሁ ፀሐይ ላይ ትቆያለህ አሉት። ሊካታ ላይ የከተማው ጠባቂ ቅዱስ አንጀሎ ልብሱ ተገፈፈ፣ በሰንሰለት ታሰረ፣ «ወይ ዝናብ ወይ ገመድ!» ተባለ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይላል ያገራችን ሰው። ድፍረት ቢመስልም ከንቀት የመጣ አይመስለኝም። ቅዱሱ በእርግጥ ይሰማል ብሎ የማያምን ሰው ሐውልት አያስርም።

ለዚህ ተረት ከሁሉ የሚገጥመው ታሪክ ግን የፓሌርሞ ነው፤ የተረቱ ጥፋተኛ አንድ ሰው ሳይሆን መላው ከተማ የሆነበት። እ.ኤ.አ. በ1624 ወረርሽኝ ፓሌርሞ ገባ። የደሴቲቱ የስፔን እንደራሴ ራሱ በበሽታው ሞተ። በዚያው ዓመት ፔሌግሪኖ ከተባለው ተራራ ዋሻ ውስጥ የመናኟ የሮዛሊያ ነው የተባለ አፅም ተገኘ። በ1625 አፅሙ በከተማው ሲዞር በሽታው እንደረገበ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ሮዛሊያ የፓሌርሞ ጠባቂ ሆነች። ጁላይ 14 ማታ በመርከብ ቅርጽ የተሠራ ሠረገላ ሐውልቷን ጭኖ ያልፋል። ሕዝቡም በነጭ ሽንኩርትና በፐርስሜሎ የተሠራ ቀንድ አውጣ እየመጠጠ ርችቱን ይጠብቃል። (ቀንድ አውጣውን ለደፋሮች ትቼዋለሁ።) ኳትሮ ካንቲ የሚባለው አደባባይ ሲደረስ ከንቲባው ሠረገላው ላይ ወጥቶ አበባ ያስቀምጥና «ፓሌርሞና ቅድስት ሮዛሊያ ለዘላለም ይኑሩ!» ብሎ ይጮኻል።

ከንቲባው ቀና ቢል አደባባዩን ከከበቡት አራት ሕንፃዎች አናት ላይ አራት ሴቶች ቁልቁል ያዩታል፤ አጋታ፣ ክርስቲና፣ ኒንፋ እና ኦሊቫ። እነዚህ ከሮዛሊያ በፊት የከተማዋ ጠባቂዎች ነበሩ። ሰው ለዘመናት ወደነሱ ተሳለ፣ ጾመ፣ አለቀሰ። ወረርሽኙ መጣ፣ አዲሷ አዳነችን ተባለ፣ እነሱም እዚያው ከፍታው ላይ ቀሩ። አጋታስ ግድ የላትም፤ ካታንያ አለችላት። እንዲያውም ሁለቱ ከተሞች የተወለደችው እኛ ጋ ነው እያሉ እስከ ዛሬ ይጨቃጨቁባታል። ፓሌርሞ ውስጥ የተሸወደ ቅዱስ አሳዩኝ ብትሉ ግን ሌሎቹን ሦስቱን ነው የማሳያችሁ።