በድንጋይ የታቀፈ የባሕር ቅሪተ አካልን መለየት፦ ከአራት ኪሎ እስከ ዓባይ በረሃ

አራት ኪሎ ላይ አንድ ሰው ግማሹ ከድንጋይ ብቅ ያለ ዛጎል ይዞ «ይህ ምንድን ነው?» ቢል፣ ቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ «ድንጋዩ ከየት መጣ?» የሚለው ነው። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው እሳተ ገሞራ በተፋው አለት ላይ ነው። በእንጦጦ ተራራም ሆነ በየወንዙ ዳር በሚታየው ጥቁር ድንጋይ ውስጥ የባሕር እንስሳ አይገኝም። በመሐል ከተማ የተገኘ ባለ ዛጎል ድንጋይ እንግዳ ነው፤ በጭነት መኪና ወይም በመንገደኛ ሻንጣ ከሩቅ መጥቷል ማለት ነው።

ቅርቡ መነሻ የዓባይ በረሃና የሙገር ሸለቆ ናቸው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ ጥቁሩ ድንጋይ ከላይ ይቀርና የኖራ ድንጋይ ይገለጣል፤ ከሱ በታች ጄሶ፣ ከዚያም አሸዋ ድንጋይ ይከተላል። የኖራ ድንጋዩ በጁራሲክ ዘመን፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት አካባቢውን ሸፍኖት በነበረ ጥልቀት የሌለው ባሕር ወለል ላይ የተከማቸ ነው። በመቀሌ ዙሪያም የዚያው ዘመን ድንጋይ በሰፊው ይገኛል። እንግሊዛዊው ጂኦሎጂስት ዊልያም ብላንፎርድ የመቅደላን ዘመቻ ተከትሎ እ.ኤ.አ. በ1868 በዚያ ሲያልፍ ያየውን ድንጋይ በአካባቢው ባለችው በአንጣሎ ስም ጠራው፤ ስሙ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

የሕንፃ ደረጃና ወለል ላይ ዛጎል የሚመስል ቅርጽ የሚያዩ ሰዎች «በእብነ በረድ ውስጥ አገኘሁ» ይላሉ። እውነተኛ እብነ በረድ ግን በሙቀትና በግፊት እንደገና የተሠራ ስለሆነ ዛጎሉ በአብዛኛው ጠፍቶበታል። ጥርት ያለ ዛጎል ከታየ ንጣፉ የተወለወለ የኖራ ድንጋይ ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ዛጎሉ በሌለበት ጥግ ላይ አንድ ጠብታ አቼቶ ቢያርፍ ኖራው ቀስ ብሎ አረፋ ያወጣል። ዛጎሉ ራሱ ብዙ ጊዜ ከዚሁ ከኖራ የተሠራ ነውና ጠብታው እሱ ላይ ማረፍ የለበትም። ድንጋዩን አቼቶ ወይም ሎሚ ውስጥ ዘፍዝፎ «ማጽዳት» ቅሪተ አካሉን ማሟሟት ነው።

ከባዱ ነገር የሚታየው ቅርጽ የእንስሳው ሙሉ መልክ አለመሆኑ ነው። ሽንኩርት በአግድም ሲቆረጥ ቀለበት፣ በቁመት ሲቆረጥ ቅስት ይታያል፤ ዛጎልም እንደዚሁ ነው። ጠመዝማዛ የቀንድ አውጣ ቤት በቁመት ከተቆረጠ በግራና በቀኝ የተደረደሩ ክፍት ኪሶችን ይመስላል። ቤቱ በአንድ ጠፍጣፋ ክብ ተጠቅልሎ በውስጡ ግድግዳ ካለው ግን አሞናይት የተባለ፣ ዛሬ ዘሩ የጠፋ ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ ሊሆን ይችላል፤ ቀንድ አውጣ እንዲህ በየክፍሉ የተከፋፈለ ቤት የለውም። የኮከብ ቅርጾች ተጠጋግተው ከታዩ ኮራል፣ አምስት መስመሮች ከአንድ መሐል የሚወጡበት ድቡልቡል ነገር ደግሞ የባሕር ጃርት ነው።

ሰው በብዛት የሚሳሳተው ባለ ሁለት ክዳን ዛጎሎች ላይ ነው። አንድ ጡጫ የሚያህል፣ ግራጫና ቢጫ የተቀላቀለበት ድንጋይ በውኃ ይረጥብና ጠዋት መስኮት አጠገብ ይቀመጥ። ፀሐይዋ ከጎን ስትመታው የደበዘዙት ሽንተረሮች ጥላ ያወጣሉ። ከጫፉ ተነስተው እንደ ማራገቢያ የተዘረጉ፣ ጠርዛቸው እንደ መጋዝ ጥርስ የታጠፈ ሽንተረሮች አሉት እንበል። ክዳኑ በመሐሉ ቢከፈል ግራና ቀኙ እኩል ከሆነ ብራኪዮፖድ (ቢቫልቭ የሚመስል ግን ከሌላ ወገን የሆነ የባሕር እንስሳ) ነው ማለት ይቻላል። እያንዳንዱ ክዳን ወደ አንድ ጎን ያጋደለ፣ ሁለቱ ክዳኖች ግን የሚመሳሰሉ ከሆነ እንደ ኦይስተር ያሉ የባሕር እንስሳት የሚመደቡበት የቢቫልቭ ወገን ነው። ኦይስተር ከቢቫልቭ ወገን ሆኖ ሳለ ይህን ደንብ ያፈርሳል፤ ሁለቱ ክዳኖቹ አይመሳሰሉም።

ከዚህ በላይ ስም ለመስጠት የተደበቀው ክፍል ያስፈልጋል፤ የክዳኑ ማጠፊያና የውስጡ አሠራር ድንጋይ ውስጥ ነው። በእኔ እምነት «ብራኪዮፖድ፣ ዝርያው ያልተለየ» የሚል መግለጫ ከተገመተ የላቲን ስም እጅግ ይሻላል። ለባለሙያ የሚጠቅመው ከአንድ ብር ሳንቲም ጋር ከየአቅጣጫው የተነሳ ፎቶና የተገኘበት ቦታ በዝርዝር መጻፉ ነው። የዙሪያው ድንጋይም ዕድሜንና የባሕሩን ዓይነት ስለሚናገር በመሮ መፈልፈል የለበትም።

ፈልፍሎ ማውጣት ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ከአራት ኪሎ ወደ አምስት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው ብሔራዊ ሙዚየም ምስክር ነው። በ1993 ዓ.ም. በአፋር ዲኪካ የተገኘችው ሰላም፣ የጥንታዊ ሰው መሰል ሕፃን ቅሪተ አካል፣ የባሕር እንስሳ ባትሆንም አጥንቷ በአሸዋ ድንጋይ ተጣብቆ ነበር። ተመራማሪው ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በጥርስ ሐኪም መሣሪያ አሸዋውን ቅንጣት በቅንጣት እያነሳ ዓመታት ሠርቶ ግኝቱ የታወጀው በ1999 ዓ.ም. ነው።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 በግንባታ፣ በመንገድ ሥራ ወይም በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ለቅርስ ባለሥልጣኑ እንዲያሳውቅና እስኪረከበው ድረስ ባለበት እንዲጠብቀው ያዛል። ድንጋዩን ለማሳየት የሚፈልግ ሰው አራት ኪሎ ወዳለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ሳይንስ ግቢ ጎራ ቢል የምድር ሳይንስ ትምህርት ክፍሉን ያገኛል።