ፒ0420 የሚለው ኮድ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ ተደፍኗል ማለት ነውን?

የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት በርቶ መመርመሪያው ፒ0420 የሚል ኮድ ሲያሳይ፣ ብዙ አሽከርካሪዎች ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ እንደተደፈነ አድርገው ይረዱታል፤ ኮዱ ግን ስለ መደፈን የሚናገረው ነገር የለም። በጭስ ማውጫ ቱቦው ላይ የሚገኘው ኮንቨርተር በውስጡ እንደ ማር እንጀራ በቀጫጭን ቀዳዳዎች የተሞላ፣ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የተቀባ ሴራሚክ ይዞ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን የመሳሰሉ መርዛማ ጋዞችን ጉዳታቸው ወዳነሰ ጋዝ ይለውጣል። ኮዱ የሚመዘገበው ከኮንቨርተሩ በኋላ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር (በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው መሣሪያ) ከኮንቨርተሩ በፊት ካለው ከፊተኛው ሴንሰር ጋር የሚመሳሰል መዋዠቅ ሲያሳይ ነው፤ ይህም ጋዙን የመለወጥ አቅሙ መቀነሱን ይጠቁማል። የጭስ ማውጫ ቱቦ መሰንጠቅ ወይም የሴንሰር ብልሽት እንኳ ይህንኑ ኮድ ሊያመጣ ስለሚችል፣ ኮዱን ብቻ አይቶ ውድ ዕቃ መግዛት ተገቢ አይመስለኝም።

መደፈን የራሱ ምልክቶች አሉት። መኪናው ነዳጅ ሲሰጠው ጉልበት ያጣል፣ ዳገት ላይ ይደክማል፣ ሲብስም ተነስቶ ወዲያው ይጠፋል። ለማረጋገጥ መካኒኩ የፊተኛውን የኦክስጅን ሴንሰር ፈትቶ በቦታው የግፊት መለኪያ ይገጥማል፤ ሞተሩ በደቂቃ 2500 ዙር ሲሽከረከር ግፊቱ ከ3 ፒኤስአይ፣ ማለትም ከ20 ኪሎፓስካል ገደማ፣ በግልጽ ካለፈ ጭሱ መውጫ እያጣ ነው።

ኮንቨርተር አብዛኛውን ጊዜ ያለምክንያት አይደፈንም። በትክክል የማይተኩስ ካንዴላ ያልተቃጠለ ነዳጅ ወደ ኮንቨርተሩ እንዲያልፍ በማድረግ ሴራሚኩን በሙቀት ሊያቀልጠው ይችላል፤ ሞተሩ የሚያቃጥለው ዘይትም ቀዳዳዎቹን ይሸፍናል። ይህ ሳይጠገን አዲስ ኮንቨርተር ቢገጠም፣ አዲሱም በዚያው መንገድ ይበላሻል።