«ያልፋል» ብሎ መውጣት፦ ስለ ማጽናናት የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ባሕር ዳር ውስጥ ለቅሶ ቤት ያልተቀመጠ፣ ሆስፒታል ሰው ያልጠየቀ የለም። የሚባለውንም ሁላችንም እናውቀዋለን። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ»፣ «ሁሉም ለበጎ ነው»፣ «አይዞሽ ያልፋል»። ቃሉ ክፉ የለውም። ክፋቱ አንዳንዴ ከቃሉ ጀርባ ያለው ሐሳብ ነው። ከሃይማኖት የመጣ ይመስለናል፤ መጻሕፍቱን ስንገልጥ ግን ሌላ ነገር እናገኛለን። ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሣ።

«እምነት ያለው ሰው አያለቅስም፣ ተስፋም አይቆርጥም»

ከሁሉም የሚጎዳው ይሄ ነው። ልጇን የቀበረችን እናት «አታልቅሺ፣ እግዜርን ማስቀየም ነው» የሚሉ አሉ። ሐዘኗ ሳያንስ ኃጢአት ጨመሩባት ማለት ነው።

ኢየሱስ በወዳጁ በአልዓዛር ሞት አለቀሰ (ዮሐንስ 11፥35)። ያውም ሊያስነሣው እንደሆነ እያወቀ። በቁርኣንም ነቢዩ ያዕቁብ ለልጁ ለዩሱፍ ከማዘኑ የተነሣ ዓይኖቹ ነጡ (ሱረቱ ዩሱፍ 84)። እምነት የለውም ያለው የለም።

ተስፋ ስለ መቁረጥ ደግሞ ኤልያስን ያየ ይበቃዋል። በቀርሜሎስ ተራራ እሳት ካወረደ በኋላ ኤልዛቤልን ፈርቶ ሸሸ። በረሃ ገብቶ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀመጠና ሞቱን ለመነ (1ኛ ነገሥት 19)። «በቃኝ» አለ። መልአኩ መጥቶ ምን አደረገ? አልገሠጸውም። «አንተ ነቢይ ሆነህ እንዴት!» አላለውም። እንጎቻና በማሰሮ ውኃ አቀረበለት። ኤልያስ በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ አሁንም ቀሰቀሰውና መንገዱ ሩቅ ስለሆነ እንዲበላ ነገረው። ከዚያ በኋላ ነው 40 ቀን ተጉዞ ኮሬብ ተራራ የደረሰው። ስብከት ቢጠብቅ ኖሮ እዚያው ዛፍ ሥር ይቀር ነበር ብዬ አስባለሁ።

«ማጽናናት ማለት ጥሩ ነገር መናገር ነው»

«ምን እላለሁ ብዬ ነው ያልሄድኩት» የሚል ሰው ብዙ ነው። ምንም አትበል። የኢዮብ ወዳጆች መጀመሪያ ሲመጡ 7 ቀንና 7 ሌሊት መሬት ላይ አብረውት ተቀመጡ፤ አንድ ቃል አልተናገሩም (ኢዮብ 2፥13)። ጥሩ ወዳጅ የነበሩት ያን ጊዜ ነው። ነገሩ የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ኤልፋዝ «ንጹሕ ሆኖ የጠፋ ማን ነው?» ብሎ ጀመረ። በእኛ ቋንቋ «አንድ ያጠፋኸው ነገር ቢኖር ነው» እንደ ማለት ነው። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ ላይ እንጂ በኢዮብ ላይ አይደለም (42፥7)።

የእኛ አገር ለቅሶ ይህን ያውቃል። ድንኳኑ ይተከላል፣ የእድሩ አግዳሚ ይደረደራል፣ ንፍሮ ይዞራል። ሰው ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ብዙም ሳይናገር ይወጣል። መምጣቱ ራሱ ንግግር ነው።

ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው። ሠልስት ሲወጣ ድንኳኑ ይነቀላል፣ እድርተኛው ይበተናል። ከዚያ እስከ አርባው ድረስ በሩን የሚያንኳኳ ይጠፋል። ሐዘንተኛዋ ባዶውን ቤት በደንብ የምታየው ግን ያኔ ነው። አንድ ሰው ብቻ በሦስተኛው ሳምንት፣ በተራ ማክሰኞ፣ «ቡና ላፍላ ብዬ መጣሁ» ቢል ከመጀመሪያው ቀን መቶ ሰው ይበልጣል። ደግሞም የሟቹን ስም ጥሩ። «እንዳናስታውሳት» ብለን እንተዋለን፤ መቼ ረሳችውና!

«‹ደረስን› ማለት ያበረታል»

የካቲት 16 ለኪዳነ ምሕረት በዓል ዘጌ የሄደ ይህን አይቶታል። ጀልባው ወደቡ ላይ ያወርዳችኋል። ከዚያ በቡናው ጫካ ውስጥ ድንጋያማውን መንገድ ይዞ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሽቅብ ነው። ለጎረምሳ ምንም አይደለም። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናት ግን ሌላ ነው። «ገና ነው ልጄ?» ይላሉ። «ደረስን እማማ፣ ይቺን ብቻ!» ይላል ከፊት ያለው። ይቺ ታልፋለች፣ ሌላ ይቺ ትመጣለች። ሦስተኛው ላይ እማማ ማመን ያቆማሉ። ሌላው ልጅ ዘንቢላቸውን ተቀብሎ ከኋላ ይሄዳል። «ገና ነው እማማ፣ ግን እዚህ ጥላ አለ፣ እንረፍ» ይላል።

በሽተኛን «ለፋሲካ ድነሽ ትነሻለሽ» ማለት የፊተኛው ልጅ ሥራ ነው። ተመርቆ ቤት ለተቀመጠ ወጣት «በዚህ ወር ሥራ ታገኛለህ» ማለትም እንደዚያው። እኛ የማናዝበትን ቀን ቆርጠን ሰጠነው። ቀኑ ሲያልፍ ሥራውን ብቻ ሳይሆን እኛንም ያጣል።

«ከአንተ የባሰ አለ»

እውነት ነው፣ አለ። ግን የጎረቤት እግር ስለተቆረጠ የእኔ ጥርስ ሕመሙን አይተውም። ይሄ አባባል ሰውየውን ዝም ለማሰኘት እንጂ ለማጽናናት ሲጠቅም አላየሁም።

«ጸበል የገባ መድኃኒት መውሰድ የለበትም፣ እምነቱን ያጎድላል»

እዚህ ላይ ጨዋታ የለም፤ ሰው የሚሞትበት ነው። የሚጥል ሕመም ያለበት ሰው ክኒኑን በድንገት ካቆመ ሕመሙ በርትቶ ሊመለስና ለሕይወት ሊያሰጋ ይችላል። የኤችአይቪ መድኃኒት ያቋረጠ ሰው ቫይረሱ እንደገና ይራባበታል፤ መድኃኒቱን መቋቋምም ሊጀምር ይችላል።

ሃይማኖቱስ ምን ይላል? መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እግዚአብሔር ፈጥሮታል፣ መድኃኒትንም ከምድር አውጥቷል ይላል። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም በዘመናቸው የኤችአይቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ አሳስበዋል። «መድኃኒትሽን ጣይ» የሚል አጽናኝ ከቤተ ክርስቲያኗ በላይ ሃይማኖተኛ መሆን የፈለገ ነው። ጸበል የምትሄድ ከሆነ ክኒኗን በቦርሳዋ መያዟን አረጋግጡ፤ ሰዓቱ ሲደርስ አስታውሷት። ለፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ቀጠሮም አብራችኋት ሂዱ።

«ስለ ሞት መጠየቅ ሐሳቡን ማስገባት ነው»

አይደለም። «ኑሮ መሮኛል» ማለት ያበዛን ሰው «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም። የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች የሚመክሩትም እንዲጠየቅ ነው። ብዙ ጊዜ ሰውየው የሚሰማኝ አገኘሁ ብሎ ይተነፍሳል። «አዎ» ካለ ብቻውን አትተዉት፣ ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ አርቁ፣ በቶሎ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ክርክርና ግሣጼ ለሌላ ቀን ይቆይ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ?

«ለማበርታት ገንዘብ ወይም ሥልጣን ያስፈልጋል»

በቁርኣን ሱረቱል በለድ (ምዕራፍ 90) ስለ አንድ ዐቀበት ይናገራል። የሚወጣው በምንድን ነው? ባሪያን ነጻ በማውጣት ወይም በረኃብ ቀን ዘመድ የሆነን የቲም (ወላጅ አልባ ልጅ) ወይም አፈር ላይ የወደቀን ድኻ በማብላት ይላል። ኤልያስም ጋ እንጎቻ ነበር። አጥሚት በፔርሙዝ ይዞ መሄድ የማይችል ስንት ሰው አለ? እዚህ ከተማ ደግሞ ፔርሙዙን የያዘችው ሙስሊም፣ የምትጠጣው ክርስቲያን መሆኗ ወይም የዚያ ተገላቢጦሽ አዲስ ነገር አይደለም።

«አጽናኝ አይደክመውም»

ሙሴ እጁን ባነሣ ጊዜ እስራኤል ያሸንፉ ነበር፤ እጁ ግን ከበደ (ዘፀአት 17)። አሮንና ሖር መጀመሪያ ያደረጉት ድንጋይ አምጥተው ማስቀመጥ ነው። ከዚያ አንዱ በዚህ አንዱ በዚያ ሆነው እጁን ደገፉለት። ለነቢይ የሚያስፈልግ ወንበር ለአስታማሚም ያስፈልጋል።

ሆስፒታል ስንሄድ በሽተኛውን ጠይቀን፣ ብርቱካኑን አስቀምጠን እንወጣለን። አልጋው ሥር ካርቶን አንጥፋ ሳምንት ያደረችውን እህቱን የሚያያት የለም። ዓይኗ ቀልቷል፣ ጀርባዋን ትይዛለች፣ ስትጠየቅ «ደህና ነኝ» ትላለች። «የሚያስፈልግሽ ካለ ደውይ» አትበሏት፤ አትደውልም። ቀን ቆርጣችሁ ንገሯት፦ «ሐሙስ ማታ እኔ አድራለሁ። መድኃኒቱ በስንት ሰዓት እንደሆነ ወረቀት ላይ ጻፊልኝና አንቺ ቤት ሄደሽ ተኚ።»