የመስቀል ወፍ ምንድን ነው? ዓመቱን ሙሉስ የት ይከርማል?

ዓመት ሙሉ ድምፁ ጠፍቶ ድንገት ብቅ ያለ ዘመድ «ምነው፣ የመስቀል ወፍ ሆንክ?» ይባላል። መስከረም ጠብቶ አደይ አበባ ሲፈነዳ ይመጣል፣ ጥቂት ሰንብቶ ይሄዳል፣ ከዚያ እስከ ከርሞ የለም ማለት ነው። ከአደይ ጋር ቀጠሮ አለው የሚለው የቆየ አባባልም ከዚሁ የመጣ ነው። ወቀሳው ለዘመድ ይስማማ ይሆናል፤ ለወፉ ግን አይስማማም። የመስቀል ወፍ የትም አይሄድም።

ለመሆኑ የትኛው ወፍ ነው? ስሙ የአንድ ዝርያ ብቻ አይደለም፤ እንደ አካባቢው ለተለያዩ ወፎች ይሰጣል። አንዱ እንደ ፍም የቀላ ሆኖ ሆዱና ፊቱ ጥቁር ነው። ሌላው ከላይ እስከ ታች ጠቁሮ ትከሻውና ወገቡ ላይ ብቻ ብጫ ጣል አድርጓል። ሌላው ደግሞ ጥቁርና ነጭ ለብሶ፣ ምንቃሩ ቀይ፣ ጭራው ከራሱ ገላ የሚረዝም ነው። ሁሉም ድንቢጥ የሚያህሉ፣ ሣር ያለበትን ሜዳና ረግረግ የሚወዱ፣ ምንቃራቸው አጭርና ወፍራም የሆነ ፍሬ ለቃሚዎች ናቸው።

አንድ የሚያደርጋቸው ሌላ ነገር አለ። ያ ሁሉ ጌጥ የወንዱ ብቻ ነው፤ ለወንዱም ቢሆን የክት ልብስ ነው። የመራቢያው ወቅት ሲደርስ በአንጎል ሥር ያለው ዕጢ የሚያመነጨው ሆርሞን ይጨምርና አሮጌው ላባ እየረገፈ ባለ ቀለሙ ይበቅላል። ቀዩንና ብጫውን ቀለም ወፉ ራሱ ከምንም አይፈጥረውም፤ መነሻው ከሚበላው ምግብ የሚገኝ ንጥረ ነገር ነው። ወቅቱ ሲያልፍ ደግሞ ያ ላባ ይረግፍና ወንዱ እንደ እንስቷ ቡናማና ዥንጉርጉር ይሆናል፤ ባለ ብጫው ብቻ ትከሻውና ወገቡ ላይ ብጫውን ያስቀራል፤ ረጅሙ ጭራም አብሮ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ በአጥራችን ላይ ቢያርፍ «ወፍ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ጠፋ የምንለው ያን ጊዜ ነው።

ለምን በክረምት ይራባል? ጫጩት ለማሳደግ ሁለት ነገር ያስፈልጋል፤ ጎጆ የሚሸሽግ ረጅም ሣርና የተትረፈረፈ ምግብ። ሁለቱንም የሚያመጣው ዝናቡ ነው። ስለዚህ ወንዱ መስቀልን ጠብቆ አይለብስም፤ ዝናቡ ሲጠነክር፣ ገና በሐምሌና በነሐሴ፣ ጌጡን ለብሶ በሣሩ ላይ እየተንሳፈፈ ነው። ያኔ እኛ የለንም። ጭቃ ነው፣ ጉም ነው፣ ወንዙ ሞልቶ ዘመድ እንኳ የማይጠያየቅበት ጊዜ ነው። ሰማዩ ሲጠራና ልጆች አደይ ሊለቅሙ ሜዳ ሲወርዱ ወፉ እዚያው ይጠብቃቸዋል። ቀጠሮ አክባሪው እንግዲህ እኛ ነን ማለት ይቻላል።

ይህ ሲገባኝ ወፉ የሚያንስብኝ መስሎኝ ነበር፤ ይብሱን ገረመኝ። ከሩቅ አገር መጣ ከሚለው ተረት ይልቅ፣ ዓመቱን ሙሉ ከበራችን ሳይርቅ ሳናውቀው የሚኖር መሆኑ ይበልጥብኛል።

ስለ ጭራው ትንሽ ልጨምር። ወንዱ ለመብረር የሚያስቸግረውን ያን ያህል ጭራ ለምን ይጎትታል? ማልተ አንደርሰን የተባለ ስዊድናዊ ተመራማሪ ኬንያ ውስጥ የእነዚህኑ ወፎች የቅርብ ዘመድ ይዞ ሞከረው። የዚያ ዝርያ ወንድ ጭራው ግማሽ ሜትር ያህል ነው። የአንዳንዶቹን ጭራ ቆርጦ አሳጠረ፣ የተቆረጠውን ላባ በሌሎቹ ጭራ ላይ በሙጫ ቀጠለ፣ ከዚያ በየወንዱ ክልል ስንት ጎጆ እንደተሠራ ቆጠረ። ውጤቱን ያሳተመው በ1982 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ጭራቸው በተቀጠለላቸው ወንዶች ክልል ብዙ እንስቶች ሰፈሩ። ያ ሁሉ ውበት ለእኛ ዓመት በዓል ሳይሆን ለእንስቷ ዓይን ነው የወጣው፤ እኛ ባልተጠራንበት ሠርግ ቆመን የምናይ ነን።

ባለ ቀይ ምንቃሩና ባለ ረጅም ጭራው ደግሞ ሌላ ጉድ አለው። እንስቷ ጎጆ አትሠራም። እንቁላሏን ደቃቅ በሆኑ ሌሎች ወፎች ጎጆ ውስጥ ጥላ ትሄዳለች፤ ባለቤቶቹም እንደ ራሳቸው ልጅ ቀልበው ያሳድጉላታል። የእንግዳው ጫጩት የአፍ ውስጥ ምልክት የባለቤቶቹን ጫጩቶች ስለሚመስል አይለዩትም። የጎጆውን ልጆች ገፍቶ አይጥልም፣ አብሮ ይበላል እንጂ። የበዓል ወፍ ብለን ብናከብረውም ጨዋ ነው ብሎ መማል አይቻልም።

ገበሬውን ከጠየቃችሁት ደግሞ ሌላ ታሪክ ትሰማላችሁ። ቀዩና ብጫው የመስቀል ወፍ ማሽላና ጤፍ ከሚያወድመው ከግሪሳ ጋር ቤተሰባቸው አንድ ነው፤ ቡናማውን ሲለብሱ ከሩቅ ከግሪሳ መለየት ያስቸግራል። በመስከረም «እሰይ፣ ወፉ መጣ» ያለው ልጅ፣ ሰብሉ ሲደርስ ማማ ላይ ወጥቶ ያንኑ ወፍ በወንጭፍ ሲያባርር ይውላል። ሁለቱም እውነት ነው። ወፉ የሚለብሰውም፣ እሸቱ የሚያፈራውም፣ በመስከረም ጠዋት «እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገራችሁ» የምንባባለውም በአንድ ዝናብ ነው። ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዴ ላይ በእሬቻ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ የሚያመሰግነው ሕዝብም የሚያመሰግነው ክረምቱን በሰላም አሻግሮ ለዚህ ወቅት ላደረሰው ፈጣሪ ነው።

ማየት የሚፈልግ ሩቅ መሄድ የለበትም። ሱሉልታ ሜዳ ወይም ገፈርሳ ግድብ ዳር ሣር ያለበት ቦታ ይበቃል፤ ባይኖኩላር ቢኖር ጥሩ፣ ባይኖርም ትዕግሥት ይተካዋል። በመስከረም ወንዱን ለማግኘት ከሣሩ ጫፍ በላይ ተንጠልጥሎ የሚርገበገበውን ፈልጉ። የሚከብደው በጥር ነው። ያኔ በታጨደ ማሳ ላይ በመንጋ የሚለቅሙትን ቡናማ ወፎች አንድ በአንድ ተመልከቱ፤ ከመካከላቸው ምንቃሩ አሁንም የቀላ ካለ፣ ጭራውን የጣለው ባለ ጥቁርና ነጩ ሊሆን ይችላል። ቡናማ ሆኖም ትከሻውና ወገቡ ላይ ብጫ የቀረው ባለ ብጫው ነው። ቀዩን ግን በዚያ ወር ከእንስቷ መለየት ስለሚያስቸግር፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል መመለስ ይሻላል። ያኔ ግማሽ ገላው ቡናማ፣ ግማሹ ጥቁር፣ እዚህም እዚያም ቀይ ብጥስጣሽ የተለጠፈበት፣ ልብሱን ቀይሮ ያልጨረሰ ወንድ ታገኛላችሁ።