የድግምት ዒላማ በዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን፣ ማለትም በዳይስና በምናብ የሚካሄደውን የጀብዱ ጨዋታ፣ በጎንደር የምንጫወት ሰዎች የምናቡን ውጊያ ፋሲል ግቢ ውስጥ ማድረግ እንወዳለን፤ አጥሩ፣ በሮቹና ማማዎቹ ማን ማንን ማየትና መምታት እንደሚችል በየተራው እንድንጠይቅ ያስገድዱናልና። ክርክሩ የሚረዝመው ግን ብዙውን ጊዜ ሕጉ ከብዶ ሳይሆን የድግምቱን ጽሑፍ፣ ማለትም በሕግ መጽሐፉ ያለውን መግለጫ፣ እስከ መጨረሻው ሳናነብ ስለምንፈርድ ነው። ይህ ማብራሪያ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን አምስተኛ እትም ይከተላል።

«የማየውን ሁሉ ዒላማ ማድረግ እችላለሁ፤ የማላየውን ግን አልችልም።»

ከስሕተቶቹ ሁሉ ሥር የሰደደው ይህ ነው፤ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን ያደባልቃልና። አንደኛው አስማተኛው ዒላማውን ያያል ወይ የሚል ሲሆን፣ የሚነሳው የድግምቱ ጽሑፍ ማየትን ሲጠይቅ ብቻ ነው። ሁለተኛው ከአስማተኛው እስከ ዒላማው ያለው መንገድ ክፍት ነው ወይ የሚል ሲሆን፣ ድግምቱ ራሱ ካልሻረው በቀር ሁልጊዜ ይጠየቃል፤ ሙሉ ከለላ ያለው፣ ማለትም በእንቅፋት ሙሉ በሙሉ የተጋረደ ነገር በቀጥታ ዒላማ አይሆንም። ስለዚህ ማማው ላይ ከተዘጋ የመስታወት መስኮት ጀርባ የቆመ ጠላት ቢታይም፣ መስታወቱ መንገዱን ስለሚዘጋ ሰውን ባለበት የሚያደርቀው ሆልድ ፐርሰን የተባለው ድግምት አይደርስበትም። በአንጻሩ ጨለማ በዋጠው አዳራሽ ውስጥ ማንም ባይታይም፣ በሩ ክፍት እስከሆነ ድረስ ፋየርቦልን፣ ማለትም የሚፈነዳውን የእሳት ድግምት፣ ወደ ውስጥ መልቀቅ ይቻላል፤ ይህ ድግምት ነጥብ መምረጥን እንጂ ነጥቡን ማየትን አይጠይቅምና። አስማተኛው ከግቢው ውጭ ቆሞ ከአጥሩ ወዲያ ያለ የማይታየውን ነጥብ ቢመርጥስ? እሳቱ አጥሩን አይሻገርም፤ የሚፈነዳው ከአጥሩ ወዲህ፣ አስማተኛው ባለበት በኩል ነው።

«እንግዲያው ሚስቲ ስቴፕም በተዘጋ መስታወት አያሳልፍም።»

ያሳልፋል። አስማተኛውን በቅጽበት ወደ ሌላ ቦታ የሚያዛውረው የሚስቲ ስቴፕ ዒላማ አስማተኛው ራሱ ነው፤ ከራሱ እስከ ራሱ ደግሞ የሚዘጋ መንገድ የለም። መድረሻው እስከ 30 ጫማ ድረስ የሚገኝ፣ የሚታይና ማንም ያልቆመበት ቦታ መሆኑ ይበቃል። እዚህ ላይ የማየት ጥያቄ ብቻውን ወሳኝ ስለሆነ፣ ያው መስኮት በእንጨት መዝጊያ ቢዘጋ ኖሮ ድግምቱ አይሠራም ነበር።

«ፋየርቦል ጠላቶቼን ብቻ ይመታል።»

ፋየርቦል ሰው አይመርጥም። የሚመረጠው እስከ 150 ጫማ ርቀት ያለ አንድ ነጥብ ነው፤ ከዚያ ነጥብ ዙሪያ በ20 ጫማ ሬዲየስ ውስጥ ያለ ሁሉ፣ ወዳጅም ሆነ ጠላት፣ የመከላከያ ውርወራ ይወረውራል፣ ማለትም ጉዳቱን ለመቀነስ ዳይስ ይጥላል፤ ያልተሳካለት የ8 ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ድምር ጉዳት ሲደርስበት የተሳካለት ግማሹን ይቀበላል። አስማተኛውም እዚያው ክልል ውስጥ ቆሞ ከሆነ እሳቱ አይምረውም። ወዳጆችን ከእሳቱ መለየት የሚችለው እንደ ስከልፕት ስፔልስ ያለ ልዩ ችሎታ ያለው አስማተኛ ነው። ርቀቱም የሚገድበው የነጥቡን ምርጫ እንጂ የእሳቱን ስፋት ስላልሆነ፣ ነጥቡ በ150 ጫማ ላይ ከተቀመጠ ነበልባሉ እስከ 170 ጫማ ይደርሳል።

«በማንኛውም የጥቃት ድግምት በር መስበር ይቻላል።»

ጽሑፉ «ፍጡር» ካለ በር ዒላማ አይሆንም። ማጂክ ሚሳይል ፍጡርን ብቻ ይመታል፤ ፋየር ቦልት ግን ፍጡርንም ግዑዝ ነገርንም ይፈቅዳል። ኤልድሪች ብላስት በ2014ቱ እትም ለፍጡር ብቻ የተወሰነ ሲሆን፣ የ2024ቱ ማሻሻያ ግዑዝ ነገርን ጨምሮለታል፤ ስለዚህ ጨዋታ መሪው በየትኛው እትም እንደሚፈርድ ከውጊያው በፊት ቢያሳውቅ መልካም ነው።

«ዒላማ የተደረገ ሰው ሁልጊዜ ያውቃል።»

መብረቅ የወረደበት ያውቃል፤ ሐሳቡን ለማንበብ የተሞከረበት ግን፣ የድግምቱ ጽሑፍ ሌላ ካላለ በስተቀር፣ ምንም ሳይሰማው ሊቀር ይችላል። ሰውን አፍዝዞ ወዳጅ የሚያደርገው ቻርም ፐርሰን ጽሑፋቸው ሌላ ከሚል ድግምቶች አንዱ ነው፤ ኃይሉ ሲያበቃ ፍጡሩ ማን እንዳፈዘዘው ያውቃል፣ ፈዝዞ አስማተኛውን በበሩ ያሳለፈው ዘበኛም አስማተኛውን ሊፈልገው ይነሳል።