«ፕላስቲክ ምን ያበቅላል?» ስለ አርቴፊሻል ጥርስና ፈንገስ የተሳሳቱ አመለካከቶች

የሚወልቅ አርቴፊሻል ጥርስ መሥራት እንጀራዬ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ጣና ዳር ዓሣ በልተን ስንጨርስ፣ ጎረቤቴ እማማ የላይኛውን ጥርሳቸውን አውልቀው በመሐረብ ጠቀለሉት። «ያቃጥለኛል ልጄ» አሉኝ። በስልኬ መብራት አየሁላቸው። ላንቃቸው ጥርሱ ባረፈበት ልክ ቀልቷል። «ፈንገስ ሳይሆን አይቀርም» ስላቸው አላመኑኝም።

«ፕላስቲክ ምን ያበቅላል?» አሉ። ብዙ ሰው የሚያስበው እንዲህ ነው። የጥርሱ መሠረት አብዛኛውን ጊዜ አክሪሊክ የሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። በዓይን ሲያዩት ልሙጥ ነው፤ በማይክሮስኮፕ ግን ቀዳዳና ጭረት ሞልቶታል። ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስ እዚያ ይለጠፍና ይራባል። የገጹ ሻካራነት ከ0.2 ማይክሮሜትር ካለፈ ጀርም በደንብ ይይዛል። ይህ የፀጉር ውፍረት አንድ መቶኛ እንኳ አይሞላም! ላንቃ የሚነካው ጎን ደግሞ ልኩ እንዳይበላሽ ሲባል እንደ ውጪው አይወለወልም። ምራቅም እንደልቡ አይደርስበትም። በሙቀት የበሰለ አክሪሊክ ያለ ሙቀት ከደረቀው ይልቅ ቀዳዳው ያንሳል። ሲያሠሩ የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ።

«የሚተጣጠፈው ይሻላል» የሚሉም አሉ። ድድ ላይ ይመቻል፣ አልክድም። ግን የናይለን ዘር ስለሆነ እንደ አክሪሊክ አይወለወልም። ከሥር የሚለበጠው ለስላሳ ሽፋንም ቶሎ ያረጃል፤ ያኔ ፈንገስ ይሰበስባል።

«በጥርስ ሳሙና ፈግፍጌ ነው የማጥበው» የሚሉኝ ጠንቃቆቹ ናቸው። አንጀቴን የሚበሉትም እነሱ ናቸው። የጥርስ ሳሙና ውስጥ ያለው ደቃቅ ዱቄት አክሪሊኩን ይጭረዋል። ለስላሳ ብሩሽና ተራ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። የፈላ ውሃማ ቅርፁን ያጣምመዋል።

«ካላመመኝ የለብኝም» የሚለውም ልክ አይደለም። አብዛኛው ሰው ምንም አይሰማውም።

«ከሰው ተጋባብኝ»? ካንዲዳ በብዙ ጤነኛ ሰው አፍ ውስጥ ይኖራል። የሚያይለው ጥርሱ ሌት ተቀን ሳይወልቅ ሲቀር ወይም የስኳር ሕመም ሲኖር ነው። መድኃኒቱን ወስደው ጥርሱን ካላጸዱት ተመልሶ ይመጣል።

እማማ ሐኪም አይቷቸው መድኃኒት ጀምረዋል። አሁን አዲስ ጥርስ ካልተሠራልኝ ብለው ቸኩለዋል። ባበጠ ላንቃ ላይ ልኬት ከተወሰደ ግን እብጠቱ ሲጎድል ጥርሱ ይላላል። ስለዚህ ማታ ማታ አሮጌውን አጥበው በስኒ ውሃ ይነክሩታል፤ እኔም ጠዋት ጠዋት ቡና ስንጠጣ ላንቃቸውን አያለሁ።