«ጎረምሳ ሆኖብኝ ነው»፦ ስለ አፍላ ዕድሜ የምናምነውና እውነታው

«ወላጅ ይዘህ ና» የተባለ ተማሪ ብዙ ጊዜ ይዞ የሚመጣው እናቱን ነው። ስም ጠሪ መምህር ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ያነጋገርኳቸው እናቶች ነጠላቸውን አስተካክለው ከተቀመጡ በኋላ የሚጀምሩት በአንድ ዓይነት ቃል ነበር፦ «ደህና ልጅ ነበር፤ ጎረምሳ ሆኖብኝ ነው።» ልጁ አጠገባቸው ቆሞ የጫማውን ጫፍ ያያል።

ከእነዚያ እናቶች አንዷ ከአእምሮዬ አልጠፉም። ልጃቸው 15 ዓመቱ ነበር። ምን እንዳጠፋ ስጠይቃቸው ጥቂት አሰቡና «ይዘጋብኛል» አሉ። ቤታቸው አንድ ክፍል ነው። ልጁ የሚተኛው ከአያቱ አልጋ በጨርቅ በተከለለች ጥግ ነው። ይዘጋብኛል ያሉት ታዲያ መጋረጃውን ነበር። እናትየውን ያስፈራቸው ከመጋረጃው ጀርባ አለ ብለው የገመቱት ነገር ነው። ስለዚህ ዕድሜ ከወላጅም ከመምህርም የምሰማቸው አባባሎች ብዙዎቹ ከዚህ ፍርሃት የተወለዱ ይመስለኛል።

«ጉርምስና ዕብደት ነው፤ ሲያልፍ ይተወዋል»

ይህ እምነት የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ስታንሊ ሆል እ.ኤ.አ. በ1904 ባሳተመው ዳጎስ ያለ ሥራው አፍላ ዕድሜን የማዕበልና የውጥረት ዘመን አድርጎ ሣለው፤ ሥዕሉም ተጣብቆ ቀረ። በ1960ዎቹ ግን ዳንኤል ኦፈር የተባለ የሥነ አእምሮ ሐኪም፣ ክሊኒክ የሚመጡትን ትቶ ተራ ተማሪዎችን ለዓመታት ሲከታተል፣ አብዛኞቹ ከወላጆቻቸው ጋር የሚግባቡ፣ እንደ ማንኛውም ሰው አልፎ አልፎ የሚከፋቸው ልጆች ሆነው አገኛቸው። በፀጉር፣ በልብስና በመግቢያ ሰዓት መጨቃጨቅ አለ። ያ ግን የቤት ጭቅጭቅ ነው፤ ዕብደት አይባልም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የአባባሉ ሁለተኛ ግማሽ ነው። «ሲያልፍ ይተወዋል» ብለን የተውነው ነገር አንዳንዴ ሕመም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሰባት ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበት ይገምታል። ሮናልድ ኬስለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጡት የአሜሪካ ጥናት ደግሞ በሰው ዕድሜ ከሚከሰቱት የአእምሮ ሕመሞች ግማሾቹ እስከ 14 ዓመት ድረስ እንደሚጀምሩ አሳይቷል። እንዴት ይለያል? መጋረጃ የሚዘጋው ልጅ ወጥቶ ከበላ፣ ከሰፈር ልጆች ጋር ኳስ ከተጫወተ፣ የሚያስቀው ነገር ካለ፣ መጋረጃው ይዘጋ። ለሳምንታት ምግብ ያስጠላው፣ ይወደው የነበረውን ሁሉ የተወ፣ እንቅልፍ ያጣ ወይም ከአልጋ መነሳት ያቃተው ልጅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እኛ ዘንድ ለዚህ «ጥጋብ ነው» የሚል ስም ተዘጋጅቶለታል። «ምን ጎደለበት?» እንላለን። የስኳር ሕመምተኛን «ምን ጎድሎብህ ነው የታመምከው?» ያለ ሰው ግን አላጋጠመኝም።

«ጭንቅላቱ ገና አልበሰለም፤ ማሰብ አይችልም»

ግማሹ እውነት ነው። ውሳኔን የሚመዝነውና ስሜትን የሚገታው የፊተኛው የአንጎል ክፍል እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ መጎልመሱን አያቆምም፤ ደስታንና ሽልማትን የሚያሳድደው ክፍል ቀድሞት ይነቃል። ሆኖም የ16 ዓመት ልጅ ተረጋግቶ ሲያስብ የማመዛዘን ችሎታው ከአዋቂ ብዙም አይርቅም። ትልቁ ጥያቄ «ማን እያየው ነው?» የሚለው ነው። ማርጎ ጋርድነርና ሎረንስ ስታይንበርግ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት፣ በተለያየ ዕድሜ ያሉ ሰዎችን በኮምፒውተር የመኪና ጨዋታ ፈተኗቸው፤ ቢጫ መብራት ሲበራ መቆም ወይስ ሮጦ ማለፍ? ብቻቸውን ሲጫወቱ አፍላዎቹና አዋቂዎቹ ተቀራራቢ ነበሩ። እኩዮቻቸው አጠገባቸው ሆነው ሲያዩ ግን አፍላዎቹ በእጅጉ ደፈሩ፤ 24 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑት ብዙም አልተለወጡም።

መምህር ይህን ያለ ኮምፒውተርም ያውቀዋል። ኋላ ወንበር ላይ ሆኖ የሚያስቸግረው ልጅ ቢሮ ብቻውን ሲገባ ሌላ ሰው ነው። በጓደኞቹ ፊት የገሰጸው መምህር ጠብ ገዝቷል፤ ከክፍል ሲወጡ በለሆሳስ የተናገረውን መምህር ግን ልጁ ብዙውን ጊዜ ይሰማዋል።

«እስከ ረፋድ የሚተኛው ሰነፍ ስለሆነ ነው»

በጉርምስና ጊዜ ሜላቶኒን የተባለው እንቅልፍ የሚጠራ ሆርሞን ምሽት ላይ ዘግይቶ መመንጨት ይጀምራል። ልጁ በጊዜ ተኛ ቢባልም እንቅልፉ አይመጣለትም፤ የሚያስፈልገው ግን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው። ጠዋት በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ቆመው የሚያንጎላጁትን የታዘበ ሰው የት እንደጎደለ ያያል። ስልክ ታቅፎ እስከ እኩለ ሌሊት ማምሸት ደግሞ፣ እርግጥ ነው፣ ነገሩን ያባብሰዋል።

«ዝምተኛና ታዛዥ ልጅ ችግር የለበትም»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኔም ለዓመታት የተሳሳትኩበት ነውና። የሰውን ሥነ ልቦናዊና ማኅበራዊ ዕድገት ከልደት እስከ እርጅና በስምንት ደረጃ የተነተነው ኤሪክ ኤሪክሰን፣ የአፍላ ዕድሜ ዋና ሥራ «እኔ ማን ነኝ?» ለሚለው መልስ መፈለግ ነው ይላል። ጄምስ ማርሺያ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1966 ይህንን በሁለት ጥያቄ ለካው፦ ልጁ አማራጮችን ፈትሿል? አንዱንስ ይዟል? ከዚህ አራት ዓይነት ልጆች ይወጣሉ። ያልፈተሸም ያልያዘም አለ፤ ገና በመፈተሽ ላይ ያለ አለ፤ ፈትሾ የያዘም አለ። አራተኛው ሳይፈትሽ የያዘው ነው፤ የአባቱን መልስ ተቀብሎ ጥያቄውን የዘጋ።

አንዲት ተማሪ ነበረችኝ፤ ከክፍሏ አንደኝነት ወርዳ አታውቅም። ምን መሆን እንደምትፈልግ ሲጠይቋት ጥያቄው ሳያልቅ «ዶክተር» ትላለች። ደብተሯ የመጨረሻ ገጾች ላይ ግን የቤት ፕላን ትሥል ነበር፤ በሩ ወዴት እንደሚከፈት፣ መስኮቱ ፀሐይ በየት በኩል እንደሚያገኝ። አንድ ቀን ስለ ሥዕሉ ስጠይቃት ገጹን በእጇ ሸፈነችውና «ዝም ብዬ ነው» አለች። እኔም ዝም ብዬ አለፍኩ። በእኔ ዓይን ምንም ችግር የሌለባት ተማሪ ነበረች። የሕክምና ትምህርቷን ሁለተኛ ዓመት ላይ አቋርጣ ቤት መግባቷን የሰማሁት ከጎረቤቶቿ ነው፤ እነሱ «የሰው ዓይን በላት» ይላሉ።

ሳይፈትሹ መያዝ ሁልጊዜ ጉዳት አይደለም። የአባቱን እርሻ ወይም ሱቅ ተረክቦ ተደላድሎ የሚኖር ሞልቷል። አደጋው የተሰጠው መልስ የፈረሰ ዕለት ነው። እኛ አገር ደግሞ መልሱ በአንድ ፈተና ላይ ተንጠልጥሏል። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 845 ሺህ ያህል ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶዎቹ ብቻ ነበሩ። «ዩኒቨርሲቲ እገባለሁ» ከሚለው ሌላ መልስ ያልተሰጠው ልጅ ውጤቱ ሲወጣ፣ በአራትና በአምስት ዓመት ቀስ ብሎ ሊፈታው የሚገባው ጥያቄ በአንድ ሌሊት ይወርድበታል።

«ጉርምስና የፈረንጅ ፈጠራ ነው፤ በባህላችን የለም»

ቃላታችን ይመስክሩ፦ ጉብል፣ ጎረምሳ፣ ኮረዳ፣ ልጃገረድ። ፀጉር ሳይቀር ዕድሜ ይናገር ነበር፤ ቁንጮ የሕፃን፣ ጋሜ ያላገባች ልጅ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2016 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው የኦሮሞ ገዳ ሥርዓት ሰውን በስምንት ስምንት ዓመት እርከን እያሻገረ ለየእርከኑ የሚገባውን ኃላፊነት ይሰጣል። ሐመር ደግሞ ወጣቱን በከብት ጀርባ ላይ ያዘልለዋል። የተለወጠው የጊዜው ርዝመት ነው። ትናንት የተሻገረ ወጣት ነገ ትዳርና ሥራ ይጠብቁት ነበር፤ የዛሬው እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ በወላጅ ቤት፣ በትምህርትና ሥራ በመፈለግ ይቆያል። ኤሪክሰን ይህን ጊዜ እንደ ፋታ ነው ያየው፤ ልጁ የመጨረሻ ውሳኔ ሳይጠየቅ የሚሞክርበት።

ፋታው ግን ለሁሉም አልደረሰም። በ13 ዓመቷ የተዳረች ልጅ ከሕፃንነት ወደ ሚስትነት ዘልላለች። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም ፆታ የጋብቻን ዕድሜ 18 ሲያደርግ ያስከበረላት ይህንን ፋታ ጭምር ነው።

«ውጭ ያደገ ልጅ ማንነቱ ጠፍቶበታል»

ዋሽንግተን ዙሪያ የሚያድግ ልጅ ቤት ሲገባ «ፈረንጅ ሆነሃል» ይባላል፤ ትምህርት ቤት ሲሄድ ከየት እንደመጣ ይጠየቃል። እስራኤል ሲደርሱ ስማቸው በዕብራይስጥ ስም የተተካ የቤተ እስራኤል ልጆች ይህን ስሜት አሳምረው ያውቁታል። ሐኪም ቤት ለእናቱ የሚያስተረጉም የ13 ዓመት ልጅ ደግሞ ከሐኪሙ ወጥቶ ለእናቱ ከመድረሱ በፊት ክፉውን ወሬ ብቻውን ይሸከማል። ይህ ሁሉ ከባድ ነው። የከበደው ግን ጠፋ አይባልም፤ ሁለት ነገር ይዞ የሚሄድ ሰው ቀስ ብሎ ይራመዳል።

ከኤሪክሰን የተሻለ ምስክር የለም። እ.ኤ.አ. በ1902 ፍራንክፈርት ሲወለድ እናቱ ከዴንማርክ የመጡ አይሁዳዊት ነበሩ፤ ወላጅ አባቱን አላወቀም። ያሳደገው እንጀራ አባቱ የሕፃናት ሐኪም ነው። ረጅምና ፀጉረ ወርቃማ ስለነበር ምኩራብ ውስጥ እንደ ባዕድ ታየ፤ ትምህርት ቤት ደግሞ አይሁዳዊ ነህ ተባለ። የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ አልያዘም፤ ወጣትነቱን ሥዕል እየሣለ በአውሮፓ ሲዞር አሳለፈ። ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት በ1933 ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ በ1939 ዜግነት ሲያገኝም አዲስ የቤተሰብ ስም አስመዘገበ። ኤሪክሰን ማለት የኤሪክ ልጅ ማለት ነው። እኛ የአባታችንን ስም በምናስገባበት ቦታ እሱ የራሱን አስገባ።

«ስለ መሞት ከጠየቅሁት ሐሳቡን አስገባበታለሁ»

አያስገቡበትም። የዓለም ጤና ድርጅት ደጋግሞ እንደሚለው፣ ስለ ጉዳዩ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም፤ ብዙ ጊዜ ያቀለዋል። «መኖር አስጠልቶሃል? ራስህን ስለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ይቻላል። አዎ ካለ ሳይገሥጹ ማዳመጥ፣ ብቻውን አለመተው፣ መድኃኒትና መርዛማ ነገርን ከአጠገቡ ማራቅ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው። ጸበል የሚወስድ ቤተሰብ ሐኪም ቤቱንም ይጨምር፤ ሁለቱ አይጣሉም።

«ዕድገት የልጅ ነው፤ እኔ ጨርሻለሁ»

የኤሪክሰንን ደረጃዎች እንደ ክፍል ማለፍ የሚቆጥር ብዙ ነው፤ ሰባተኛን ያለፈ ስምንተኛ ይገባል እንደሚባለው። እሱ ግን አንዱ ደረጃ ተዘግቶ ሌላው ይከፈታል አላለም። ያደረ ጥያቄ ይመለሳል። ለዚህ ነው የማንነት ቀውስ የሚለውን ሐሳብ ያዳበረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮችን ሲያክም የሆነው፤ እነዚያ ለአካለ መጠን የደረሱ ሰዎች ናቸው። ባለቤቱ ጆን ኤሪክሰንም እ.ኤ.አ. በ1997 በዘጠናዎቹ ዕድሜዋ ሆና፣ የሰማንያዎቹንና የዘጠናዎቹን ዕድሜ የሚመለከት ዘጠነኛ ደረጃ ጨመረችበት።

በዚያች አንድ ክፍል ቤት ውስጥም ሥራ ላይ የነበረው ልጁ ብቻ አልነበረም። በአርባዎቹ ያሉት እናት «ለሚተካኝ ሰው ምን አተረፍኩ?» የሚለው የመካከለኛ ዕድሜ ጥያቄ ይዟቸዋል፤ ልጁ መጋረጃ ሲዘጋ ድካማቸው ሁሉ የተዘጋ መስሏቸው ነበር። አያትየው የኖሩትን ዕድሜ መለስ ብለው እየመዘኑ ነው። ሦስቱ በአንድ መጋረጃ ግራና ቀኝ ይኖራሉ። እኔ የነገርኳቸው ትንሽ ነገር ነው፦ መጋረጃውን ከመግለጥዎ በፊት ይጥሩት።

ካርድ ለመውሰድ በመጡ ጊዜ እየሳቁ ገቡ። «መምህር፣ እንዳሉኝ አደረግሁ» አሉ። «መጋረጃው ጋር ቆሜ እንደ እንግዳ ‹ቤቶች!› እላለሁ። እሱ ዝም ይላል። ‹ግቡ!› የሚሉኝ እናቴ ናቸው።»